ከወጨጫ በለሰለሰ ጎማ

እናቴ ሞተሬን የታገሠችልኝ በአንድ ውል ነው፦ "መኪና ላይ ተጭኖ ከመጣ ቁልፉን እቀማሻለሁ።"

የመጀመሪያውን ተራራ የወጣሁት ከወንድሜና ከጓደኛው ጋር ነበር። በየሞተራችን ሆነን ከአየር ጤና ተነሳን፣ ሰበታን አልፈን የወጨጫን የጭቃ መንገድ ያዝን። ዘንቦ ስለነበር ያንሸራትታል። ጭቃ ላይ ጎማ መሬቱን ቆንጥጦ እንዲይዝ ትንሽ አየር ይቀነሳል፤ ሦስታችንም ቀነስን። ስንመለስ የምንወርድበትን ድንጋያማ መንገድ ሳንጀምር በፓምፕ መሙላት ነው።

ላይ ደርሰን ልንመለስ ስንል ወንድሜ ጓደኛውን "ፓምፑን አምጣ" አለው።

"አንተ አይደለህ እንዴ የያዝከው?"

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። እኔ የያዝኩት ዳቦ ነበር።

ድንች የጫነ አይሱዙ ሲመጣ ለምነው ሞተሮቻቸውን ድንቹ ላይ አሳሰሩ።

"ነይ፣ ያንቺንም እንጫነው" አለኝ ወንድሜ።

"አይጫንም።"

"ጎማሽ ያልቃል እኮ፣ አንቺ!"

"ይለቅ።"

ጓደኛው "ተዋት፣ እልኸኛ ናት" አለና ጋቢና ገባ።

ድንጋዩ ላይ እየተንገጫገጭኩ በእግረኛ ፍጥነት ወረድኩ። አንዲት አህያ ቀደመችኝ። ሰበታ ያገኘሁት ጎሚስታ ጎማውን ፈታና የውስጡን ላስቲክ፣ ካላማዳሪውን፣ አንጠልጥሎ አሳየኝ። ብጥስጥሱ ወጥቷል።

"ምን አርገሽው ነው?"

"ነድቼው።"

በአዲስ ቀየረልኝ። ቀራንዮ ቤታችን ስደርስ እናቴ በር ላይ ቆማ ነበር። ጭቃዬን ከላይ እስከ ታች አየችው፤ ሞተሩንም ዞራ አየችው።

"ወንድምሽስ?"

"ድንቹ ሲራገፍ ይመጣል" አልኳት።