እቴ ማንጠግቦሽ ያልጨረሰችው ተረት

ልጅ ሳለሁ፣ ከሙጃ ከተማ ከፍ ብላ ባለችው ሰፈራችን፣ ከብት ከገባ በኋላ ያለው ሰዓት የእቴ ማንጠግቦሽ ነበር። የአባቴ ታላቅ እህት ናት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ እኛው ግቢ ውስጥ ጎጆ ተቀልሶላት ትኖር ነበር። ያኔ ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበርና እኛ ልጆች አንድ ባና ተከናንበን፣ የኩበቱ ጭስ ዓይናችንን እያስለቀሰን፣ የኩራዙ ብርሃን ፊቷ ላይ ሲወዛወዝ እያየን እንሰማታለን። ጅብ ስትሆን ታነክሳለች፣ ምራት ስትሆን ነጠላዋን ታዞራለች፤ ከመካከላችን ያንቀላፋ ካለ ደግሞ ስሙን ተረቱ ውስጥ አስገብታ ለጅቡ ትድረዋለች። ማንም ከእሷ ተረብ አያመልጥም ነበር።

አንድ ዓመት ራሷን ያማት ጀመር። ምች ነው ተባለና ዳማከሴ ተጨመቀላት። እየባሰባት ሄዶ አንድ ቀን ምድጃው አጠገብ ተንቀጥቅጣ ስትወድቅ ግን አባቴ አዲስ አበባ ድረስ ወሰዳት። ሐኪሞቹ ብዙ ሰው የማይይዘው ዓይነት የአንጎል ዕጢ ነው አሉ። ከፍተው የቻሉትን አወጡ፤ ወደ ውስጥ የገባውን ግን ቢነኩት ንግግሯን ይዞባት ሊሄድ ስለሚችል ተዉት። ተመልሳ ስትመጣ ጠባሳዋን በሻሽ ሸፍና፣ «እንግዲህ እንግዳ ይዤ ነው የምኖረው፤ አመሉን መልመድ ነው» አለችን።

ለመደችውም። ሰዓት የተሞላለት የእጅ ስልኳ ሲጮህ መድኃኒቷን ትውጣለች፤ ብትወድቅ እሳት እንዳይበላት መቀመጫዋን ከምድጃው አርቃ ግድግዳ ሥር አደረገች፤ ከበድ ያለውን ሥራ ሁሉ በጠዋት ትጨርሳለች። ጠዋት ጠዋት ያው የድሮዋ እቴ ነበረች፣ ጥጧን እየፈተለች አላፊ አግዳሚውን ትተርባለች። ከሰዓት ይደክማታል። ሲመሽ ደግሞ የምታውቀው ቃል ሁሉ ይጠፋባታል።

አንድ ምሽት፣ እኛው ለምነናት፣ የጭላዳ ዝንጀሮውን ተረት ጀመረች። ሁለት ወንድማማቾች በመሬት ተጣልተው ዳኛ ሲፈልጉ፣ በጭላዳው ደረትና ትከሻ ላይ የወረደው ጠጉር የዳኛ ካባ መሰላቸውና ፍረድልን ብለው ቁጭ አደረጉት። ጭላዳውም ጉሮሮውን ጠረገ፣ ደረቱን ነፋ። እቴ እዚህ ላይ ቆመች። አፏ ይንቀሳቀሳል፣ ቃል ግን አይወጣም። ታናሽ ወንድሜ የተረቱ ነገር መስሎት ከት ብሎ ሳቀ። እሷ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ ተነሥታ ወጣች።

በማግስቱ ጠዋት ከደጃፏ ጠራችን፤ ፊቷ ፈክቷል፣ ልጨርስላችሁ አለች። አባቴ በሬውን ከበረት እያወጣ ሰማ። በእኛ አገር ተረት የማታ ነው፤ በቀን ከተነገረ ከብት ከመስክ አይመለስም ይባላል። በዚያ ዓመት ከጥማዱ አንዱ ገደል ገብቶበት በአንድ በሬ ቀርቷል፤ እሱንም ከጎረቤት በሬ እያቀናጀ ነው ሁላችንንም የሚያበላን። ክፉ ሰው አልነበረም፣ ፈርቶ ነው። ለማታ ይቆይልን ብሎ ለመናት።

«ማታው እኮ ተወስዶብኛል፤ ለእኔ የቀረኝ ጠዋት ነው» አለችው።

አባቴ መሬት መሬቱን አየ። «ከብቱስ፣ እቴ?» አላት።

አልተከራከረችውም። እኛን ወደ ትምህርት ቤታችን ሸኝታ እንዝርቷን አነሣች፤ ከዚያ ወዲያ ጠዋትም ማታም ተረት ልንገራችሁ ብላ አታውቅም።

በሬው በሰላም ሲወጣ ሲገባ ዓመታት አለፉ፤ አርጅቶም ተሸጠ። እኔ ለአቅመ ሔዋን ደርሼ ነበር፣ አባቴ አንድ ጠዋት መጥቶ ደጃፏ ላይ ቁጭ ያለ ጊዜ። ልጆቹን ሁሉ ጠርቶ፣ ያን የጭላዳውን ነገር ጨርሺልን፣ በቀንም ቢሆን ግድ የለም አላት። እቴ ደስ አላት። እንዝርቷን አስቀምጣ ጉሮሮዋን ጠረገች፣ ደረቷን ነፋች፣ ጠበቅናት። ቃል አልጠፋባትም፤ የጠፋው ተረቱ ነበር። ዕጢው ይውሰደው፣ ሳይነገር በመክረሙ ይጥፋ፣ ማን ያውቃል።

«ቆየህ እኮ፣ ወንድሜ» አለችው፣ ቂም በሌለበት ድምፅ። አባቴ ጋቢውን ፊቱ ላይ ጎተተ።

እቴ ዛሬም አለች። በየጊዜው ሐኪም ቤት ሄዳ አንጎሏን በመሣሪያ ተነሥታ ትታያለች፤ የቀረው ዕጢ ባለበት ነው ይሏታል። ሽንኩርቷን ትተክላለች፣ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ትስማለች፣ ሲደክማት ሳታፍር ትተኛለች፤ ኑሮዋን አውቃበታለች። የሚቆጨኝ ስለ እኛ ነው። ያኔ ስንት ጠዋት፣ ፀሐይዋ ደጃፏን ሞልታው፣ እሷ ከነሙሉ አንደበቷ ተቀምጣ ሰሚ አጣች። አሁን ከወልዲያ ልጆቼን ይዤ ስመጣ በጠዋት አጠገቧ ቁጭ እልና መጨረሻ እፈጥርላታለሁ። ጭላዳው መሬቱን ለራሱ ወሰደው እላታለሁ፣ ራሷን ትነቀንቃለች። ወንድማማቾቹን አስታረቃቸው እላታለሁ።

«አይደለም» ትለኛለች። የቱ እንደነበረ ግን እሷም አታውቀውም።