ቀበሮዋና ጅራቷ

አሜሪካ ዱሉት ከተማ በሚገኘው ኮሌጃችን የፊዚክስ ቤተ ሙከራውን ይመሩ የነበሩት አርዲስ ሊንድክዊስት ቁጡ ሴት ነበሩ። የሚያንገበግባቸው አንድ ጥፋት ነው። ተማሪው የፔንዱለሙን ገመድ መለካት ይታክተዋል፤ ስለዚህ ርዝመቱን ከውዝዋዜው ጊዜ ተነስቶ በዚያው ሊፈትነው በመጣው ቀመር ያሰላዋል። ከዚያ ያንኑ ርዝመት መልሶ ቀመሩ ውስጥ ያስገባና «ቀመሩ ልክ ነው» ብሎ ይጽፋል። ገመዱን በሜትር ለክቶ ለመጣ ግን ከመሳቢያቸው ብስኩት ያወጡለት ነበር።

«ልክማ ይሆናል» አሉት ዌንደል የተባለውን ተማሪ፣ ይህንኑ ሠርቶ ሲያመጣ። «ቀበሮን ምስክርሽ ማን ነው ቢሏት ጅራቴ አለች። ሂድና ለካ።»

«ያው አይደል እንዴ ፕሮፌሰር?»

«ያው ከሆነ ምን አስፈራህ?»

ዌንደል ሳይለካ ቀረ፤ ኮርሱንም ወደቀ።

ከብዙ ዓመት በኋላ አርዲስ ጡረታ ሲወጡ ኬክ ቆርሰን ልንሸኛቸው ተሰበሰብን። ዲኑ ከወረቀት ላይ «ትጉህ፣ ታጋሽ፣ በተማሪዎቻቸው የተወደዱ» እያለ አነበበ። የአርዲስ ፊት ጠቆረ።

«ይሄን እኮ ራስሽን ገምግሚ ስትሉኝ እኔው ነኝ የጻፍኩት» አሉ። «ጅራቴን ነው ምስክር የጠራኸው።»

ሁላችንም ሳቅን። ፀጉሩ የሸበተ ሰው ከኋላ ብድግ አለ፤ ዌንደል ነበር።

«እኔን ጥለውኛል» አለ። «ብስኩትም ቀምሼ አላውቅም። ዘንድሮ ግን ጡረታ መውጣትዎን ሳልሰማ ልጄን እዚህ ያስመዘገብኳት እርስዎ ያስተምሯታል ብዬ ነው።»

አርዲስ ወደ ዌንደል ሄዱ።

«ይሄ ጅራቴ አይደለም፤ አሁን ለካህ» አሉና ቦርሳቸውን ከፍተው ብስኩት ሰጡት።