ተሸላሚው ዝምታ

ባለቤቴን ሠፈሩ «ሬዲዮ» እያለ ነው የሚጠራው። ልብስ ሰፊ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በአንዲት ክፍል ሱቅ ውስጥ እሱ ሲቆርጥና ሲሰፋ፣ እኔ ጠርዝ ስጠልፍ፣ ቁልፍ ስተክልና ስተኩስ ኖረናል። በነዚያ ሁሉ ዓመታት ሬዲዮው ተዘግቶ አያውቅም። ስፒል በከንፈሩ ደርድሮ እንኳ ያወራል፤ እንዴት እንደማይውጠው እግዜር ይወቅ።

ሆዱን ስቦ የሚለካ ደንበኛ ሲመጣ «ትንፋሽዎን ይልቀቁ ጌታዬ፣ ሱሪው ነገ እውነቱን ማውጣቱ አይቀርም» ይላል። ትከሻው የሟሸሸ ሙሽራ ሲመጣ ደግሞ «ትከሻውን እኔ እሰፋልሃለሁ፣ ልቡን ግን አንተ ይዘህ ና!» አንዴ አንድ ጡረተኛ ዳኛ ወሬው ሰለቻቸውና «ዝም አይነቅዝም ሲባል አልሰማህም?» ቢሉት፣ «አዎ አይነቅዝም፤ ግን ማን በልቶት ጠገበ?» አላቸው። ዳኛው እየሳቁ ሁለተኛ ሱፍ አዘዙ። እኔማ ስንቴ «በናትህ ዝም በል፣ ራሴን አመመኝ» ብዬዋለሁ። ምላሴን ይቁረጠው።

ዳይሬክተሩ መጀመሪያ የመጣው ኮት ሊያሳጥር ነው። ኮቱን ረስቶ ባሌን እያየ አንድ ሰዓት ቆመ። በሳምንቱ ካሜራ የሚይዝ፣ መብራት የሚያበራና ድምፅ የሚቀዳ ሰው አስከትሎ መጣና አሥራ ስድስት ቀን ከሱቃችን አልወጣም። የባሌ ሸሚዝ ላይ ትንሽዬ ማይክ ሰኩ። እንግዲህ ሬዲዮ ላይ ማይክ ሲጨመር አስቡት! አባቱ መቀስ እንዴት እንዳስያዙት፣ እኔ ቀሚስ ላሰፋ የመጣሁ ጊዜ እንዴት ሦስቴ «ተሳስቻለሁ፣ እንደገና ልለካሽ» እንዳለኝ፣ ልጃችን በተወለደችበት ቀን ደንግጦ ለአንድ ሹም ሱሪ ሁለት የግራ እግር እንደሰፋ፣ አንድ ሳያስቀር ተረከው። ድምፅ ቀጂው በሳቅ ይፈርስ ነበር። ዳይሬክተሩ ግን አይስቅም፤ ዝም ብሎ መስኮቱን ያያል። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

እነሱ በሄዱ በስድስተኛው ወር የባሌ ድምፅ ሻከረ። ጉንፋን ነው አልን። ጉንፋን አልነበረም። ሐኪሙ አስቀምጦን «ጉሮሮዎ ውስጥ ያለው እጢ ክፉ ነው። እንዲተርፉ ማንቁርትዎን ማውጣት አለብን። ከዚያ በኋላ ግን መናገር አይችሉም» አለው። አስፈረመን፤ ቀጠሮው ለሐሙስ ሆነ። ልጃችን የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ሰኞ ዕለት ስልኳን ይዛ ሱቅ መጣች።

«አባ፣ እዚህ ላይ ልቅዳህ። የፈለግከውን አውራ። ሆዴ ውስጥ ያለው ልጅ የአያቱን ድምፅ ሳይሰማ ሊያድግ ነው እንዴ?»

ሬዲዮ ስልኩን እንደ መናኛ ጨርቅ አገላብጦ አየው። «እኔ አሥራ ስድስት ቀን ሙሉ፣ በዚያ በትልቁ ካሜራ፣ ደረቴ ላይ ማይክ ተሰክቶልኝ ተቀድቻለሁ። በልኬ የተሰፋ ሱፍ እያለኝ ልባሽ ልግዛ ትይኛለሽ?»

«ፊልሙ መቼ እንደሚወጣ አይታወቅም እኮ አባ።»

«ይወጣል። ደግሞ እንዲህ እንደ ዛገ መቀስ እየተንሿሿሁ ነው ለልጅ ልጄ የምሰማው? እዚያ ውስጥ ጤነኛው ድምፄ አለ።»

ልጅቷ እንድረዳት ወደ እኔ ዞረች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለኔ ነው። «ተይው እስቲ፣ አታድክሚው፤ ፊልሙ አለ አይደል?» አልኳት። ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ሐሙስ በተሽከርካሪ አልጋ እየገፉ ሲወስዱት ነርሷን «ጋውንሽ ወገቡ ላይ ሰፍቶሻል፣ ስወጣ አጠብብልሻለሁ» ሲላት ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ ድምፁን ሰምቼ አላውቅም።

ከዚያ በኋላማ ንዴቱንም ጥያቄውንም በጠመኔ ጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ይጽፋል። ቀልድ ግን ተጽፎ እስኪያልቅ ይሞታል። ደንበኛው አንብቦ ለይሉኝታ ፈገግ ሲል ባሌ ፊቱን ያዞራል። የልጅ ልጃችን ተወለደች፤ ስታለቅስ አቅፎ ያወዛውዛታል እንጂ እሹሩሩ ሊላት አይችልም። እኔ በልቤ «ፊልሙ ይምጣ ብቻ» እላለሁ። ቀኑ ሲገፋ ሁላችንም ሌላ ጸሎት አልነበረንም።

ሕፃኗ ዓመት ከሦስት ወር ሲሞላት ፊልሙ ትልቁን ሽልማት አገኘ ተባለ። የዓመቱ ምርጥ ፊልም! ሠፈሩ በደስታ ቀለጠ። ሬዲዮ በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ለራሱ ሱፍ ሰፋ። ከተቆረጠ ወዲህ የሚተነፍስባትን፣ አንገቱ ላይ ያለችውን ቀዳዳ የሚሸፍን ስስ ሻርፕም ከገበሩ ጨርቅ አወጣ። ቅዳሜ ከሰዓት አራታችንም አዳራሹ ገብተን ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጥን። ልጄ ሕፃኗን ጭኗ ላይ አድርጋ «አሁን አባባ ያወራልሻል» ትላታለች።

የፊልሙ ርዝመት ሁለት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ነው። ወይ አበሳ! መስኮታችን ላይ ዝናብ ሲወርድ ታየ። ወረደ፣ ወረደ፣ አላቆምም አለ። ከዚያ የባሌ እጅ መርፌ ውስጥ ክር ሲያስገባ። ከዚያ ዝንብ። ከዚያ ግድግዳ። የግድግዳችንን ስንጥቅ በየቀኑ አየዋለሁ፤ ለሱ ብዬ አዳራሽ አልገባም ነበር። ባሌ ብቅ ይላል፣ ውኃ ይጠጣል፣ ጨርቁን ያያል፤ ከንፈሩን ሊያላቅቅ ሲል ግን ምስሉ ተመልሶ ወደ ዝናቡ ይሄዳል። ከኋላዬ አንድ ወፍራም ሰውዬ ያንኮራፋ ነበር።

መጀመሪያ ላይ ሬዲዮ እጄን ይዞ ወደ ፊት እየሰገገ ያይ ነበር። ምስሉ ወደ ፊቱ በቀረበ ቁጥር እጄን ጨመቅ ያደርጋል፤ አሁን ነው ማለቱ ነው። አንዴ ሆነ፣ አምስቴ ሆነ፣ አሥሬ ሆነ። ሰዓቱ ሲያልፍ መጨመቁን ተወ። ልጄም ለሕፃኗ ማንሾካሾኳን ተወች። በመጨረሻ ጨለመና የስም ዝርዝር መጣ። አንዲት ቃል የለችም። ሠላሳ አንድ ዓመት አፉ ያልተዘጋውን ሰው፣ አፍ የሌለው አድርገው ሠርተውታል።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ቀድሞ የተነሣው ያ የሚያንኮራፋው ሰውዬ ነው። የመድረኩ አስተዋዋቂ «ያ ዝምተኛ ሰው ዛሬ ከኛ ጋር ነው!» ብሎ ጮኸና ባሌን እየጎተተ መድረክ ላይ አወጣው። ዳይሬክተሩ አቀፈው። «እስቲ አንድ ቃል ይበሉን» ብሎ አስተዋዋቂው ማይኩን አስጨበጠው።

ሬዲዮ ማይኩን ይዞ ቆመ። ምን ያድርግ? ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ ከሻርፑ ሥር አየር ሽው አለ። አዳራሹ ጸጥ ብሎ ጠበቀው፤ ከዚያ ይባስ ብሎ አጨበጨበ። አጠገቤ ያለች ሴት እንባዋን እየጠረገች «እንዴት ያለ ዝምታ ነው!» አለች። ደሜ ፈላ። «ድምፅ የለውም! ተቆርጦ ነው!» ብዬ ጮኽኩ። በዚያ ሁሉ ጭብጨባ ማን ይስማኝ?

ባሌ ከመድረክ ሲወርድ ሰው ከበበው፤ እኔ ዳይሬክተሩን ኮሪደር ላይ ያዝኩት።

«ወሬው የታለ?» አልኩት።

«እናቴ፣ እንዴት እንደተቸገርን ቢያዩ! ዝም ያሉበትን ለማግኘት ስንት ወር ለቀምን መሰለዎት። ፊልሙ የሚፈልገው ዝምታ ነበር።»

«ይሁንላችሁ። የተረፈውን ስጠኝ። ያወራውን።»

«ቦታ ይይዛል ብለን አጥፍተነዋል። ስምንት ወር ሆነው። ምነው?»

ነገርኩት። ፊቱ አመድ መሰለ። አላወቀም ነበር፤ አልዋሽበትም። «ባውቅ ኖሮ» ሲል ጀመረ።

«ሐኪሙ እንኳ ከመቁረጡ በፊት ጠይቆናል» አልኩት። ዝም አለ። መቼስ ዝምታ ይወዳል።

ስወጣ ባሌ በሩ ጋ ሕፃኗን አቅፎ ቆሟል። ሲያየኝ በጣቱ ጉሮሮውን ነካ፣ ከዚያ ወደ ኮሪደሩ ጠቆመ፤ ቅንድቡን አነሣ። ድምፄ የት አለ ማለቱ ነው። አፌን ስከፍት እውነቱን ልነግረው ነበር፣ እግዜር ምስክሬ ነው። ግን ያንን ቅንድብ አየሁት።

«አለ» አልኩት። «የተረፈው ሁሉ በደህና ተቀምጧል። ፈልገው ይልኩልናል፤ ይደውሉልናል።»

ፊቱ ላይ ብርሃን ፈሰሰበት። ሕፃኗን ወደ ላይ አንሥቶ ግንባሯን ሳማት። ልጄ አየችኝ፤ ገብቷታል፤ የአባቷን ሻርፕ አስተካከለችለት።

ይኸው ሰባት ወር ሆነ። ስልክ በጮኸ ቁጥር እግሩን ከስፌት መኪናው ላይ አንሥቶ፣ ሱቁን ጸጥ አድርጎ ያየኛል። «ገና ነው» እለዋለሁ። ራሱን ነቅንቆ ወደ ሥራው ይመለሳል። ትናንት ግን አንድ ደንበኛ ደውሎ ስዘጋ፣ ፊቴ ምን መስሎ እንደታየው እንጃ፣ እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ፦ «ሰዎቹ ሥራ በዝቶባቸው ይሆናል። አትጨቅጭቂያቸው፣ እኔ እጠብቃለሁ።»