የአያ ዘለቀ ነጭ ወይን

ልጅ ሳለሁ፣ ገና ሁለተኛ ክፍል፣ አባቴ ቅዳሜ ጠዋት ጫማውን ሲወለውል ካየሁ ወዴት እንደምንሄድ አልጠይቅም ነበር። ከአዘዞ በሚኒባስ ጠዳ፣ ከጠዳ ደግሞ አንድ ሰዓት ያህል በእግር፤ መጨረሻው የአባቴ አጎት የአያ ዘለቀ ግቢ ነው። አያ ዘለቀ እንደ ጎረቤቶቻቸው ጤፍና ሽምብራ የሚዘሩ ገበሬ ነበሩ። ከቤታቸው ጀርባ ግን በዚያ አካባቢ ማንም የሌለው ነገር ነበራቸው፤ ችግኙን ከአንድ ገዳም አምጥተው በእንጨት ርብራብ ላይ ያሳደጉት፣ ፍሬው ሲበስል ወደ ቢጫ የሚያደላ ወይን።

ከዚያ ፍሬ ነጭ የወይን ጠጅ መጣል የአያ ዘለቀ ምኞት ነበር። ሁለት ዓመት ሞክረው ሁለቱንም ዓመት ኮምጣጤ ሆነባቸው። ባለቤታቸው እማማ ጥሩወርቅ ኮምጣጤውን ሰላጣ ላይ እያፈሰሱ መንደሩን ሁሉ አሳቁባቸው። እኔ የማስታውሰው ሦስተኛውን ዓመት ነው።

ያን ቀን ስንደርስ እማማ ጥሩወርቅ ከደጅ ሆነው አባቴን እንደ ምስክር ተቀበሉት።

«ሸጋ ቀን መጣህ! ስማኝማ፤ ዘንድሮም ከኮመጠጠ ነገ ከነሥሩ ነቅዬ ጌሾ እተክልበታለሁ። ጌሾ መቼም ሰው አያሳፍርም።»

«ምነው ጥሩዬ፣ ሳትቀምሽው ትፈርጅበታለሽ?» አሉ አያ ዘለቀ። ፈገግ ብለው ነበር፤ ድምፃቸው ግን ደከም አለብኝ።

ወይኑ ከብቶቹ ገብተው ከታሰሩ በኋላ እንዲቀመስ ተወሰነ። እስከዚያ ምድጃው ዳር ተቀመጥን። የባሕር ዛፉ ጭስ ዓይኔን ይለበልበኛል፣ ኩራዙ ገና መለኮሱ ነው፣ ፍሙ የሁላችንንም ፊት አቅልቶታል፤ ያኔ አያ ዘለቀ እንደ ልማዳቸው ጉሮሯቸውን ጠርገው ተረት ጀመሩ።

«አንድ ሰውዬ ወይኑን በጋን ከድኖ አስቀመጠ። ጠዋት ይከፍተውና ‹ደረስህ ወይ?› ይለዋል። ‹አልደረስሁም› ይላል ጋኑ። ማታም ይከፍተዋል፤ ‹አልደረስሁም›። እንዲህ ሲነዘንዘው ጋኑ ተቆጣና ኮመጠጠ። በሌላው ዓመት ሰውዬው ታሞ ተኛ። አንዲት ጎረቤቱ ልትጠይቀው ስትመጣ ጋኑን ተደግፋ የአገሩን ወሬ ታወራለታለች፤ ማን ልጁን ዳረ፣ የማን ላም ወለደች። ጋኑም ከክዳኑ ሥር ሆኖ ሲስቅ፣ ሲስቅ ከረመና ጣፈጠ።»

«አንቱም መነዝነዝ አብዝተው ነዋ የኮመጠጠብዎ!» አሉ እማማ ጥሩወርቅ፤ አባቴም ሳቀ።

እኔ ግን አልሳቅሁም። ተረቱን አምኜዋለሁ። ነገ ጌሾ ሊተከል ነው፤ ለዚህኛው ጋን ማን አወራለት? ትልልቆቹ ከብት ሊያስገቡ ሲወጡ ቀስ ብዬ ጓዳ ገባሁ። ቀዝቃዛውን ጋን አቀፍሁና የማውቀውን ወሬ ሁሉ አወረድሁለት፤ አስተማሪያችን ወንበር ተሰብሮባት እንደወደቀች፣ አባቴ ሚኒባስ ውስጥ የማያውቀው ሰው ትከሻ ላይ ተኝቶ እንዳንኮራፋ። ወሬ ሲያልቅብኝ ማባዛት ጀመርሁ። የሁለትን ጨርሼ የሦስት መሐል ስደርስ ዘወር ብል ሦስቱም በሩ ላይ ቆመዋል።

«አንች ልጅ፣ ምን ታደርጊያለሽ?» አሉ እማማ ጥሩወርቅ።

«እንዳይኮመጥጥ እያሳቅሁት ነው።»

«በማባዛት ማን ይስቃል?» አለ አባቴ።

አያ ዘለቀ ጋኑ የተመረገበትን ጭቃ ፈቅፍቀው ክዳኑን አነሡት። የበሰለ ፍሬ ሽታ ጓዳውን ሞላው። በብርጭቆ ቀድተው ወደ ኩራዙ ብርሃን ሲያስጠጉት ጥርት ያለ፣ የገለባ ቀለም ያለው ነበር። ለእንግዳው ለአባቴ የሚሰጡት መስሎኝ ነበር፤ እሳቸው ግን ለሚስታቸው አቀረቡት። የጋኑን ክዳን ታቅፈው ቆሙ።

እማማ ጥሩወርቅ ተጎነጩ። እንደገና ተጎነጩ። ብርጭቆውን እስከ አተላው ጨልጠው ለባላቸው መለሱላቸው።

«እስቲ ይድገሙኝ» አሉ።

አባቴ ወንድነቱን ረስቶ እልል አለ። አያ ዘለቀ ግን መቅዳቱን ትተው ጋኑ ሥር ቁጭ አሉና በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠራረጉ። ለእኔም ጣቴን እንድነክር ተፈቀደልኝ። እንደ ማር የሚጣፍጥ መስሎኝ ነበርና ፊቴ ጭምድድ ሲል አያ ዘለቀ ደነገጡ።

«ምነው ልጄ?»

«ስኳር ረስታችኋል» አልሁ፤ ያን ጊዜ ቤቱ በሳቅ ተናወጠ።

ጌሾው ሳይተከል ቀረ። ዛሬ እኔም ጎንደር ውስጥ ሥራና ልጆች ይዣለሁ፤ በያመቱ ወደ ጠዳ እየወረድሁ ያን ወይን ሙሉ ብርጭቆ እጠጣለሁ፤ ስኳር ያልተጨመረበትም ለምን እንደሆነ ገብቶኛል። ከዚያ ምሽት አብሮኝ የቀረው ግን ጣዕሙ አይደለም። ያኔ ትልቅ ሰው የሚፈራው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። አያ ዘለቀ ፈርተው ነበር፤ ፈርተውም ሳለ የድካማቸውን ፍሬ መጀመሪያ ያቀመሱት ሊያመሰግናቸው ለመጣው እንግዳ ሳይሆን እውነቱን ለምትነግራቸው ሴት ነው። ብዙ አስተማሪዎች አስተምረውኛል፤ ይህን ያስተማረኝ ግን ሌላ ሰው የለም።