ኒም የሸፈነው ቤት

ቀያሾቹ ወደ አሰፋች ግቢ የገቡት ሰሊጥ ታጭዶ ባለቀበት ሰሞን ነው። ከኮኪት አለፍ ብላ ባለችው በዚያች ትንሽ ከተማ በፈቃድ የተሠራ ቤት ከቶ አልነበረም። ሰነድ የሌላቸው ቤቶች ተለክተው ካርታ ይሰጣቸዋል ሲባል የሰፈሩ ሰው ሁሉ ደጁን ጠርጎ ጠበቀ። አሰፋችም ጠረገች። ካርታ ያላገኘ ቤት እንደሚፈርስ በስብሰባው ላይ ሰምታለች።

ያረጋል የሚባለው ቀያሽ በቅርብ ከደጋ የመጣ ወጣት ነው። ከአየር የተነሣውን ፎቶ ዘርግቶ ጣቱን አሳረፈበት። ቆየና ቀና ብሎ ጣሪያውን ያለበሰውን የኒም ዛፍ አየ።

«እትዬ አሰፋች፣ የእርስዎ ቤት እዚህ የለም።»

«ደጁ ላይ ቆመህ?»

«ፎቶው ላይ ማለቴ ነው። ዛፍ ብቻ ነው የሚታየው።»

«ቤቱ ከዛፉ ሥር ነዋ፣ ልጄ።»

«እኔማ አየሁት። ፎቶው ነው ያላየው።»

ደንቡ ፎቶው ላይ የሌለ ቤት አይመዘገብም ይላል። የባሰው ደግሞ ሌላ ነው። የከተማውን ፕላን ያወጡት ሰዎች ይህንኑ ፎቶ ተመልክተው ቅጠል ያዩበትን ሁሉ አረንጓዴ ቀብተውታል። የአሰፋች ግቢ በፕላኑ ላይ የሕዝብ መናፈሻ ሆኗል።

ጎረቤቷ ኩብራ በአጥሩ ላይ አንገቷን ብቅ አድርጋ ስትሰማ ኖሯል።

«ወላሂ፣ እንግዲያ ካርታውን ለኒሙ ስጡት። እሷ ተከራይ ትሁን።»

ቀያሾቹ ሳቁ። አሰፋችንም ሳቅ አመለጣት። ሲወጡ ግን ከግድግዳዋ ላይ በቀይ ቀለም ምልክት አድርገው ሄዱ።

ኒሙን የተከለው ባሏ ዋሴ ነው። ለሰሊጥ አረም ከደጋ ወርዶ እዚሁ የቀረ ሰው ነበር። ጭቃውን መርገው ቆርቆሮ ያለበሱ ጊዜ ቤቱ እንደ ምድጃ ነደደባቸው። ዋሴ ከድንበር ማዶ ከገላባት ገበያ በዱቄት ወተት ጣሳ የኒም ችግኝ ይዞ መጣ።

«ከግድግዳው አርቀው፣ ሥሩ ይንደዋል» አለችው።

«ጥላው ቆርቆሮው ላይ ካልወደቀ ምን ይሠራልናል?» አለና ከጥጉ አስጠግቶ ተከለው።

በታጠቡበት ውሃ አሳደጉት። ዛፉ ጣሪያውን አልብሶ ሲጨርስ ዋሴን ካላዛር የሚሉት የቆላ በሽታ ያዘው። ሙቀቱን አልችል ሲል አልጋው ከኒሙ ሥር ወጣለት፤ እዚያው አረፈ። ለለቅሶው ድንኳን አልተተከለም፤ ጥላው ለሁሉም በቃ። አሰፋች እስካሁን ጠዋት ጠዋት የታጠበችበትን ውሃ ከግንዱ ሥር ታፈስሳለች። ዛፉ ውሃዋን እንደማይፈልግ አጥታው አይደለም።

በማግስቱ ጽሕፈት ቤቱ ሄደች።

«ጎረቤት ይመስክርልኝ።»

«ምስክር ፎቶ አይሽርም» አለ ያረጋል።

«ብቆርጠውስ?»

ያረጋል ተነሥቶ በሩን መለስ አደረገ። «እንዳይነኩት፣ እትዬ። አሁን የከተማው ዛፍ ነው፤ ያስከስስዎታል። ቢቆርጡትስ ምን ሊረባ? ያ ፎቶ አንዴ ተነሥቷል።»

«ታዲያ ምን አድርጊ ነው የምትለኝ?»

«ሌላ ፎቶ ሲነሣ ቤቱ ከታየ ያኔ ማመልከት ይችላሉ።»

«መቼ ነው የሚነሣው?»

«እሱን እኛም አናውቅ። በአየር መጥተው ያነሣሉ፣ ይሄዳሉ።»

«እንግዲህ ዛፉን ሳልነካው ቤቱ ይታይ።»

ያረጋል በሩን መልሶ ከፈተላት።

ሰው ሁሉ ከፀሐይ ሸሽቶ በተጋደመበት ቀትር አሰፋች ገጀራ ይዛ መሰላል ወጣች። ኩብራ መሰላሉን ያዘችላት። የጎን ቅርንጫፎቹን ሳትነካ ከጣሪያው በላይ ያሉትን ብቻ መለመለች። በመንገድ ለሚያልፍ ሰው ኒሙ ያው ኒም ነው፤ ከሰማይ ለሚያይ ግን ቆርቆሮው ይታያል።

«አናቱ የተመለጠ ሽማግሌ አስመሰልሽው» አለች ኩብራ ከታች።

«ዋሴም እንዲሁ ነበር» አለች አሰፋች።

ቤቱ እንደገና ይነድ ጀመር። ሚያዝያ ሲገባ ቀን ቀን ውስጡ መቀመጥ የማይታሰብ ሆነ። ብዙም ሳይቆይ ከቁርጡ ሁሉ ላይ ቀንበጥ ፈነዳ፤ ኒም ሲቆርጡት ይብስበታል። አሰፋች አሁን ጠዋት ውሃ ታጠጣዋለች፣ ቀትር ላይ መሰላል ወጥታ ቀንበጡን በእጇ ትቀነጥባለች፣ ቆርቆሮው ላይ የረገፈውን ቅጠል ትጠርጋለች። በሳምንቱ ቀንበጡ ተመልሶ ያው ነው።

ከድንበር ማዶ ጦርነት ከተነሣ ወዲህ የሰፈሩ ሰው ከሰማይ ድምፅ ሲሰማ ልጆቹን እየጎተተ ቤቱ ይገባል። ባለፈው ዓርብም እንዲሁ ሆነ። ከወደ ምዕራብ የሆነ ነገር አጉረመረመና መንገዱ ጭር አለ። አሰፋች መሰላሉ ላይ ነበረች።

«ውረጂ፣ አንቺ ሴትዮ፤ ግቢ» አለች ኩብራ በሯን ገርበብ አድርጋ።

አሰፋች ከጣሪያዋ ላይ የቀረውን ቅጠል በመጥረጊያዋ ወዲያ ገፋች። ከዚያ እጇን ግንባሯ ላይ ጋርዳ ድምፁ ወደመጣበት አንጋጠጠች።

«የፎቶው ከሆነስ?» አለች።