ሥጋ ቆራጩ በሁዳዴ

«ከጮማው ላድርግልህ ከቀዩ?»

ዛሬ እዚህ ፍኖተ ሰላም ከተማ ምግብ ቤት ለምሳ ገብቼ ያዘዝኩት እኮ የቲማቲም ሰላጣ ነው!

ጠያቂው ምንይችል ነው፤ የእትዬ ጥሩወርቅ ምግብ ቤት ሥጋ ቆራጭ። ከአፉ አምልጦት እሱም ደነገጠ፣ ቤቱም በሳቅ አውካካ።

በእኛ ከተማ ሁዳዴ ሲገባ ሥጋ ቆራጭ «ለፋሲካ ያድርሰን» ተብሎ ይሸኛል። ዘንድሮ ግን እትዬ ነጭ ጋዋኑን እንደለበሰ ወደ ቲማቲምና ጎመን አዛወሩት።

እሱም ያንን የሚያህል ቢላዋ ይዞ ቲማቲሙን እንደ ሽንጥ እያገላበጠ ይቆርጠዋል። (እውነቱን ለመናገር አቆራረጡ ወፍራም ነው። የቲማቲም ጎረድ ጎረድ በሉት።)

ስወጣ እትዬን «እንደ ሌላው ለምን አላሰናበቱትም?» አልኳቸው።

«አዬ ልጄ፣ እስከ ፋሲካ ልጆቹ ምን ይበላሉ? ደግሞስ በዓሉ ሲደርስ 'ና ቁረጥልኝ' ስለው በምን ዓይኔ አየዋለሁ?» አሉኝ።

እናንተስ፣ ሥራ ሲቀዘቅዝ ከማባረር ይልቅ ሌላ ሥራ የፈለገላችሁ አሠሪ ገጥሟችኋል? እስቲ አጫውቱኝ።

እኔ ነገም እዚያው ነኝ። ምንይችል መልሶ ከጠየቀኝ፣ «ከቀዩ አድርግልኝ» ነው የምለው።