ጋሼ የሚያንጎራጉሩበት ማይክ

አጎቴ ጋሼ ኮሶበር ከተማ ውስጥ የአብያተ ክርስቲያናት ድምፅ ማጉያ ይጠግኑ ነበር። በማይኩ የሚገባውን ወፍራም ጉምጉምታ የሚያስቀር ፊልተርም ራሳቸው ይሠራሉ። የማጉያው ኃይል ከአንድ የመኪና ባትሪ ብቻ ስለሆነ፣ «መጀመሪያ የቮልቱን እኩሌታ፣ ከአሥራ ሁለቱ ስድስቱን፣ መሃል አብጅለት፤ ድምፅ ወደ ላይም ወደ ታችም መወዛወዣ ይፈልጋል» ይሉኝ ነበር። ሲጨርሱ በዚያ ወፍራም ድምፃቸው ማይኩ ላይ ያንጎራጉራሉ። «የኔ ድምፅ ፊልተሩን ካለፈ፣ ሥራው ገና ነው» ይላሉ።

ከአርባቸው በኋላ ጀምረው የተዉትን የመጨረሻ ማጉያ ከነፊልተሩ ገጣጠምኩት። እኩሌታውን ለካሁ፤ ልክ ነው። ማይኩ ፊት ማንም የለም፤ ስፒከሩ ግን በወፍራም ድምፅ ቀስ ብሎ ያንጎራጉራል። ከፊልተሩ የትኛው ካፓሲተር ቢቀየር ዝም እንደሚል አውቃለሁ፤ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። አልቀየርኩትም። ማጉያውን ለጥገና ያመጣው የቤተ ክርስቲያኑ ግምጃ ቤት ዲያቆን ሊወስደው በመጣ ቁጥር «ገና ነው» እለዋለሁ።